ጨውህ ሲረጥብ ተነስ!

ሐምሌ ገባ። ቁምሳጥንህን ከፈትክ። ምን ሸተተህ?

ለሠርግ ብቻ የምትለብሰው ሱፍ ትከሻው ላይ ነጭ ብናኝ አብቅሏል። የቆዳ ጫማህ አረንጓዴ ለብሷል። ስንት ሌሊት ያደርክባት ዲግሪ ጥግ ጥጓ ቢጫ ነጠብጣብ ጥሎባታል። አንተስ ምን አደረግክ? «ምን ይደረግ፣ ክረምት ነው» ብለህ በሩን ዘጋኸው?

መልሰህ ክፈተው! አሁኑኑ።

ሻጋታ ዕጣ ፈንታህ አይደለም። ጅማ ኑር፣ ጎሬ ኑር፣ አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት ኑር፣ ሰማዩን ማዘዝ አትችልም። የቤትህን አየር ግን ታዛለህ። በአንድ ግቢ ጎን ለጎን ከሚኖሩ ሁለት ቤተሰቦች የአንዱ ጋቢ ሲሻግት የሌላው ንጹሕ ሆኖ መስከረም የሚደርሰው ለምን ይመስልሃል? ዕድል ነው? አይደለም። ልማድ ነው!

በመጀመሪያ ማይንድሴትህን አስተካክል። የሻጋታ ዘር በዓይን የማይታይ ነው፤ በየቤቱ አየር ውስጥ ሁልጊዜ አለ። ጠርገህ አትጨርሰውም። ምግቡም ሞልቶለታል፤ ጥጥ፣ ቆዳ፣ ወረቀት፣ እንጨት፣ ሌላው ቢቀር አቧራ። የሚጎድለው አንድ ነገር ብቻ ነው።

ውኃ።

እሱን ከልክለው። በቤትህ ያለው አየር እርጥበቱ ከ60 በመቶ በታች ከሆነ ሻጋታ አቅም ያጣል። የራሰ ነገር ደግሞ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ካልደረቀ መሻገት ሊጀምር ይችላል። ሁለቱን ቁጥሮች በቃልህ ያዝ።

«በምን እለካዋለሁ?» አልክ? መለኪያው ወጥ ቤትህ ውስጥ ተቀምጧል። የተጣራ የገበታ ጨው ከአየር ውኃ ስቦ የሚረጥበው እርጥበቱ 75 በመቶ ገደማ ሲደርስ ነው። ያልተጣራው ቀደም ብሎ ይረጥባል። ጨውህ ተያይዞ ከማንኪያው አልራገፍ ካለ አየሩ ከልክ አልፏል ማለት ነው። ምልክት ተሰጥቶሃል። ተነስ!

አሁን ደፍረህ አንድ ጥያቄ ጠይቅ። ውኃው ከየት መጣ? ከደጅ ብቻ ይመስልሃል? ትንፋሽህ ውኃ አለው። ክዳን ከሌለው ወጥ ውኃ ይተንናል። ሳሎን ውስጥ ያሰጣኸው አንድ ሳፋ ልብስ፣ በደንብ ጨምቀኸው እንኳ፣ ከሊትር በላይ ወደ አየሩ ይለቃል። ያ ሁሉ ውኃ የት ይሄዳል? ቀዝቃዛ ቦታ ይፈልጋል። ብዙ ጊዜም ያገኘዋል፤ ከውጭ ዝናብ የሚመታው ግድግዳ ላይ፣ አየር በማይዘዋወርበት በቁምሳጥንህ ጀርባ። እዚያ ጤዛ ሆኖ ይቀመጣል። ጤዛው ባለበት ሻጋታው ይከተላል።

ስለዚህ ቁምሳጥኑን ከግድግዳው አንድ ስንዝር አርቀው። ምን ያህል ያስወጣሃል? ምንም! «ተከራይ ነኝ» የሚለው ሰበብም እዚህ ላይ አይሠራም።

ጠዋትህንም ተጠቀምበት። የአዲስ አበባ ክረምት አብዛኛውን ጊዜ ዝናቡን የሚያወርደው ከሰዓት በኋላ ነው። ጀምበር ብቅ ስትል፣ 3 ሰዓት ገደማ፣ ፊት ለፊት ያሉትን መስኮቶች ክፈትና ለአሥር ደቂቃ ንፋስ ይለፍባቸው። «ውጪው እኮ ቀዝቃዛ ነው!» ትላለህ። ቀዝቃዛ አየር የሚሸከመው ውኃ ትንሽ ነው። ቤት ገብቶ ሲሞቅ ደረቅ አየር ይሆንልሃል። አሥር ደቂቃ የለኝም አትበል፤ ስልክህ ላይ ከዚያ የሚበልጥ ታጠፋለህ።

ፍራሽህ መሬት ላይ ነው? ዛሬውኑ አንሳው። የሰውነትህ ሙቀትና ላብ ከታች ከቀዝቃዛው ወለል ጋር ሲገናኝ ፍራሹ ከሆዱ ይሻግታል። የእንጨት ርብራብ ይበቃል። አባቶቻችን ይህን አሳምረው ያውቁታል፤ የብራና መጻሕፍትን በቆዳ ማኅደር ከተው ግድግዳ ላይ ያንጠለጥሉ ነበር። ከወለል ራቅ፣ አየርም በዙሪያው። የአንተስ መጻሕፍት መሬት ላይ በካርቶን ለምን ይቀመጣሉ? ካርቶን እርጥበት ይጠጣል!

ሌላው ትልቅ ቻሌንጅ ችኮላ ነው። ነጠላው ደርቆ ሳያበቃ ይታጠፋል። ቀኑን ሙሉ የለበስከው ጃኬት ከነላቡ ቁምሳጥን ይገባል። ጫማው ከነጭቃው ፌስታል ውስጥ ይታሰራል። ተው! ጃኬቱ አንድ ሌሊት ውጭ ይንጠልጠል። ጫማው ውስጥ ጋዜጣ ጠቅጥቅ፤ ሲረጥብ ለውጠው። አዲስ ጫማ ስትገዛ ካርቶኑ ውስጥ የምታገኛቸውን ትንንሽ የሲሊካ ጄል ከረጢቶች አትጣል። ብቻ እወቅ፤ ጥሩ የሚሠሩት ክዳኑ ግጥም ባለ ዕቃ ውስጥ ነው።

እዚህ ላይ ግን ልለምንህ። ቤቱን ለማድረቅ ብለህ የተቀጣጠለ ከሰል አስገብተህ በርና መስኮት እንዳትዘጋ! ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ እንቅልፍ ላይ ያለ ቤተሰብ ይገድላል። ሱፍ ይተካል። ልጅ አይተካም።

ቀድሞ የሻገተውንስ? አፍና አፍንጫህን ሸፍን፣ ዕቃውን ደጅ አውጣ፣ እዚያው ቦርሸው፣ ፀሐይ አስመታው። ቤት ውስጥ ከቦረሽከው ዘሩን ራስህ በተንከው። ግድግዳውን በሳሙና እጠብ፤ ካስፈለገ በውኃ የቀጠነ በረኪና ጨምርበት። በረኪናን ከአቼቶ ጋር ፈጽሞ አትቀላቅል፤ መርዛም ጋዝ ይወጣል። በሻጋታው ላይ ቀለም መቀባትም ራስን ማታለል ነው። ቀለሙ ይላጣል፤ ሻጋታው ይመለሳል። ይልቅ የውኃውን ምንጭ ፈልግ፤ ውጣና አሸንዳውን እይ። ተቀዷል? በቅጠል ተደፍኗል? ጠረጋው የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል!

የሻገተ በርበሬም ሆነ ለውዝ ካለህ ለማዳን አትሞክር፤ ጣለው። አፍላቶክሲን የሚባለው መርዝ ቢቆላም ቢቀቀልም በቀላሉ አይጠፋም።

ከሁሉ በፊት ግን ወረቀቶችህን አድን። ሱፍ ይገዛል፤ የእናትህን የወጣትነት ፎቶ ከየት ትገዛዋለህ? የቤት ካርታ፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ ዲግሪ፣ አልበም፣ ሁሉንም አውጣ። ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ ባለበት ዘርጋቸው፤ ቀጥታ ፀሐይ ቀለማቸውን ይበላዋል። እስኪደርቁ ጠብቅ። ከዚያ ክዳኑ ግጥም ባለ ፕላስቲክ ዕቃ ከሲሊካ ጄሉ ጋር ክተትና ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ፣ ከውጪው ግድግዳ አርቀህ አስቀምጥ። ከመክተትህ በፊትም እያንዳንዱን በስልክህ ፎቶ አንሳ፤ ለእህትህ ወይም ለወንድምህም ላክ።