ሞተሩ የጠፋ ትራክተር ስለ ምን አልገፋ አለ?

በከተማችን በጌዶ መንገድ ዳር መኪና አልነሣ ሲል ምን እንደሚደረግ ሕፃን ሳይቀር ያውቃል። ሹፌሩ ማርሹን ዜሮ ያደርጋል፤ እኛ ከኋላ ሆነን እንገፋለን፤ መኪናውም ይሄዳል። እኔም ባለሞተር ነገር ሁሉ በዚሁ ዘዴ የሚገፋ ይመስለኝ ነበር። ባለፈው ክረምት ግን መሳሳቴን ተረዳሁ፤ ትምህርቱም የአጎቴን እግር ሊያሳጣን ነበር።

አጎቴ በአንድ ግቢ አትክልተኛ ነው። በግቢው ውስጥ አንድ ሰው ተቀምጦ የሚነዳው ሣር ማጨጃ ትንሽ ትራክተር አለ። አንድ ቀን ሞተሩ ጠፍቶ እምቢ አለ፤ ዝናብም መጣ። ወደ መጠለያው ለማስገባት ሦስት ሆነን ብንገፋው ጎማው እንደ ተቸነከረ ሆኖ ቆመ። ፍሬኑን አየን፤ ተለቋል። ማርሹን ዜሮ እናድርግ ብንል የማርሽ ዘንግ የለውም፤ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚያስኬደው ፔዳል ብቻ ነው። በመጨረሻ አጎቴ ከኋላ በኩል አንድ ትንሽ ዘንግ አግኝቶ ሳበው። ቦታው ተዳፋት ነበርና ትራክተሩ ገፊ ሳያሻው ቁልቁል ተንደረደረ። «ጋሼ፣ እግርህን!» ብዬ ጮኽሁ፤ እርሱም ለጥቂት ዘለለ። ትራክተሩ ከባሕር ዛፉ አጥር ጋር ተጋጭቶ ቆመ።

ትምህርት ቤት ሲከፈት ነገሩን ለፊዚክስ መምህራችን ነገርኋቸው፤ እርሳቸውም ምክንያቱን አስረዱኝ። በተለመደው መኪና የሞተሩን ጉልበት ወደ ጎማ የሚያደርሱት ባለጥርስ ማርሾች ናቸው፤ ዜሮ ሲደረግ ይለያያሉ። በዚህ ትራክተር ግን ጉልበቱን የሚያደርሰው ዘይት ነው። ሞተሩ ፓምፑን ያዞራል፤ ፓምፑ ዘይቱን ይገፋል፤ ዘይቱም በጎማው በኩል ያለውን መሣሪያ አዙሮ ወደ ፓምፑ ይመለሳል። ሞተሩ ጠፍቶ ጎማውን ስንገፋ ነገሩ ይገለበጣል። በጎማው በኩል ያለው መሣሪያ ራሱ ዘይት ገፊ ይሆናል፤ ፓምፑ ግን ማለፊያ አይሰጠውም። ዘይት እንደ አየር ተጨምቆ የሚያንስ አይደለምና ጎማው ተይዞ ይቀራል። ያ ትንሽ ዘንግ ለዘይቱ አቋራጭ መንገድ ይከፍትለታል፤ ያን ጊዜ ዘይቱ በነፃ ስለሚዞር ጎማው ይለቀቃል።

ይህን በክፍል ውስጥ ፈትነነዋል። መርፌ የሌላቸውን ሁለት ሲሪንጆች ውኃ ሞልተን በቀጭን ቱቦ አገናኘናቸው። አንዱን ስንገፋ ሌላው ወጣ፤ ሌላውን አጥብቀን ስንይዘው ግን የመጀመሪያው አልገፋ አለ። ቱቦውን ስንፈታው ውኃው ፈሰሰ፤ ሲሪንጁም ያለ ትግል ሄደ። በተዘጋ ዕቃ ያለ ፈሳሽ የደረሰበትን ግፊት በየአቅጣጫው እኩል እንደሚያስተላልፍ ያስተማረው ከ1623 እስከ 1662 እ.ኤ.አ. የኖረው ፈረንሳዊው ብሌዝ ፓስካል ነው። በዛሬው ጊዜ ስንዴ ከሚያጭዱት ኮምባይነሮች ብዙዎቹ የሚሄዱት በዚሁ የዘይት ዘዴ ነው፤ ስለዚህ ነገሩ ለገበሬ ልጅም ይጠቅማል።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ትራክተር መግፋት ያለበት ሰው አስቀድሞ ፍሬኑን ይያዝ፤ ከጎማው በታች በኩልም ታኮ ያድርግ። ከዚያ በኋላ ዘንጉን ይክፈት። አንድ ሰው መሪውንና ፍሬኑን ይዞ ሲቀመጥ ታኮው ይነሣ፤ ትራክተሩም በዝግታና ለአጭር መንገድ ብቻ ይገፋ። በመኪና አስሮ በፍጥነት መጎተት ዘይቱን አግሎ መሣሪያውን ያበላሻል። ገፍቶ ሞተሩን ማስነሣትም በዚህ ትራክተር አይቻልም። ሥራው ሲያበቃ ዘንጉ ወደ ቦታው ይመለስ፤ አለዚያ ሞተሩ ቢነሣም ጎማው አይዞርም።

እኛ በዚያ ቀን የረገምነው ዘይት ለካ ትራክተሩን በተዳፋቱ ላይ ይዞልን የቆየው እርሱ ነበር። አልንቀሳቀስ ያለን ነገር ከመፍታታችን በፊት ምን ይዞ እንደቆመ እንጠይቅ እላለሁ።