ስለ ውሃ ኃይልና ስለ ብርሃን

ልጆች ሆይ፤ በክረምት ወራት በመካነ ሰላም ደጋ ላይ ዝናም ሲዘንም፥ ውሃው የሚሄድበትን መንገድ ተመልክታችሁ ታውቃላችሁን? ከጣራ ወርዶ ወደ ቦይ፥ ከቦይ ወደ ጅረት፥ ከጅረትም ወደ ወንዝ ይገባል። የቦረናም ወንዞች ቁልቁል ወርደው፥ በወሎና በጎጃም መካከል ባለው ጥልቅ ሸለቆ ከዓባይ ጋር ይገናኛሉ።

ዓባይ ከጣና ሐይቅ ወጥቶ፥ ጎጃምን ዞሮ፥ ወደ ምዕራብ ይወርዳል። በጉባ ግን ታላቅ ግድብ ይጠብቀዋል። የግድቡ ሥራ የተጀመረው መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ነው፤ የተመረቀውም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። ቁመቱ 145 ሜትር፥ ኃይሉም 5,150 ሜጋዋት ነው። ለዚህ ሥራ ባለጸጋውና ድኻው፥ ገበሬውና ተማሪው እንደየዐቅሙ ገንዘብ አዋጥቷል።

ውሃ እንዴት ብርሃን ይሰጣል? የውሃ ወፍጮ ያየ ልጅ ይህን ለማስተዋል አይቸገርም። በወፍጮ ቤት ከላይ የሚወርደው ውሃ መዘውሩን ይመታል፤ መዘውሩም የወፍጮውን ድንጋይ ያዞራል። በግድቡም እንዲሁ ውሃው በወፍራም ቧንቧ ወርዶ፥ ተርባይን የሚባለውን ታላቅ የብረት መዘውር ያዞራል። በዚያ 13 ተርባይኖች አሉ። ከመዘውሩ ጋር በአንድ ዘንግ የተያያዘ ማግኔት በመዳብ ሽቦ መካከል ይሽከረከራል። ማግኔቱ ሲዞር በሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ ይነሣል፤ በምሰሶ ላይ በተዘረጋ ሽቦም ወደ ሩቅ አገር ይሄዳል። ውሃውም ሥራውን ፈጽሞ መንገዱን ይቀጥላል።

ነገር ግን ውሃው ብቻውን አይወርድም። በክረምት ዓባይ የሚደፈርሰው ከደጋው እርሻ የታጠበውን አፈር ስለሚሸከም ነው። ይህ አስቀድሞ ገበሬውን ያደኸያል፤ የማሳው አፈር ሲሳሳ እህሉ ይቀንሳልና። ኋላም ውሃው በግድቡ ሐይቅ ሲረጋ አፈሩ ከታች ይዘቅጣል፤ ከብዙ ዘመንም በኋላ የውሃውን ስፍራ ይወስዳል። እንዲህ አንዱ ጥፋት ሁለት ሰዎችን ይጎዳል፤ ከላይ ያለውን በእንጀራው፥ በሩቅ ያለውን በብርሃኑ።

ዛሬም በአገራችን ገጠር በኩራዝ ጢስ ዓይኑን እያሸ የሚያጠና ልጅ ብዙ ነው። ብርሃኑ ወደ እርሱ እንዲደርስ ምሰሶ የሚያቆምና ሽቦ የሚዘረጋ ሠራተኛ ያስፈልጋል። የግድቡ ዕድሜ እንዲረዝም ግን በተዳፋቱ ማሳ እርከን የሚሠራ፥ ችግኝ የሚተክል፥ የተተከለውንም ከከብት የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል። ይህን ልጅም ሊሠራው ይችላል። በሬው ወደ ችግኙ ሲገባ ሮጦ የሚመልሰው እረኛ፥ የአባቱን ማሳ ይጠብቃል፤ ፊቱን አይቶት የማያውቀውንም ልጅ መብራት ይጠብቃል።

ጥያቄ፤
1. የቦረና ወንዞች ከማን ጋር ይገናኛሉ?
2. ተርባይንን የሚያዞረው ምንድን ነው?
3. አፈር ሲታጠብ የሚጎዱት እነማን ናቸው? አንተስ ለመጠበቅ ምን ታደርጋለህ?