ስለ አፍ ንጽሕናና ስለ ደም ካንሰር

በእኛ በመተማ ቆላ ሰው ሲያተኩሰው «ወባ ናት» ማለት የተለመደ ነው፤ ብዙውን ጊዜም እውነት ይሆናል። የአክስቴ ልጅ ግን የደም ካንሰር ይዞት፥ ጎንደር ኬሞቴራፒ የሚባለውን መድኃኒት ተቀብሎ በተመለሰ በ10ኛው ቀን አተኰሰው። እኛም እንደ ልማዳችን የወባ ኪኒን ሰጥተን ሁለት ቀን አስተኛነው። በሦስተኛው ቀን ወደ 200 ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን መንገድ ይዘነው ብንሄድ፥ ሐኪሙ አስቀድሞ ያየው አፉን ነበር።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። መድኃኒቱ ቶሎ ቶሎ የሚባዙ ሕዋሳትን ይገድላል። ካንሰሩ እንዲህ ያለ ነው፤ ነገር ግን የአጥንት መቅኔና የአፍ ውስጥ ስስ ሽፋንም ቶሎ ስለሚታደሱ አብረው ይጐዳሉ። ስለዚህ አፉ በሚቆስልበት ሰሞን፥ ቁስሉን የሚጠብቁት ነጭ የደም ሕዋሳትም ያንሳሉ። ኬላው ፈርሶ ዘበኞቹም የሉም እንደ ማለት ነው። በአፋችን ያለ ጕዳት የሚኖሩ ተሕዋስያን በዚያ በኩል ወደ ደም ይገባሉ። ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ ሕዋሳት በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ ከ500 ሲያንሱ አደጋው ብርቱ ነው፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒቱ ከተሰጠ በኋላ በ7ኛውና በ14ኛው ቀን መካከል ይደርሳል።

እኔን ይበልጥ ያስገረመኝ ግን ሌላ ነው። በመግል ውስጥ የሚበዙት የሞቱ ነጭ ሕዋሳት ናቸው። እነርሱ ከሌሉ መግሉም እብጠቱም እምብዛም አይታይም፤ የተበላሸ ጥርስ እንኳ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ብቸኛው ምልክት ትኩሳት ሊሆን ይችላል። እንግዲህ ሙቀቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ ጊዜው የሚቈጠረው በሰዓት ነው እንጂ በቀን አይደለም። ወባም ይመረመራል፤ ግን እዚያው ሐኪም ቤት።

የተቦረቦረ ጥርስ ካለ መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት ለጥርስ ሐኪም ማሳየት ይገባል። በሕክምናው መካከል ያለ ሐኪም ፈቃድ ጥርስ ማስነቀል፥ ይልቁንም አፉ ቆሰለ ብሎ እንጥል ማስቈረጥ እጅግ አደገኛ ነው፤ ደም የሚያረጉት ሕዋሳትም አንሰዋልና ደሙ አይቆምም። መፋቂያችን ለጤነኛ ሰው መልካም ነው፤ ለእርሱ ግን ድዱን ስለሚያደማው ለስላሳ ብሩሽ ይሻላል። ከምግብ በኋላ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ጥቂት ጨው አሟሙቶ መጕመጥመጥ፥ ቁስሉ እስኪድን ሚጥሚጣና አዋዜ መተው ያስፈልጋል። (የአክስቴን ልጅ ከሁሉ ያስለቀሰው ይህ የመጨረሻው ነበር።)

እርሱ ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ ተሽሎት ተመለሰ። አክስቴም የሙቀት መለኪያውን በከረጢት አድርጋ ከአጎበሩ ገመድ ላይ አንጠልጥላዋለች።