ውሃን ከጥሩ

እናቶች ሆይ! «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይባላል። ዛሬ ስለ አንድ ምንጭና በአካባቢው ስለ ኖረ ቤተ ሰብ እንነግራችኋለን።

በደቡብ አፍሪቃ ኩሩማን የሚባል ደረቅ አገር አለ። በዚያ ከዐለት ሥር በቀን 20 ሚሊዮን ሊትር ያህል ጥሩ ውሃ ሲያፈልቅ የኖረ ምንጭ ይገኛል። ሮበርት ሞፋት የሚባል ሚሲዮናዊና ባለቤቱ ሜሪ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1820ዎቹ መጀመሪያ ወደዚያ ገብተው እስከ 1870 ድረስ ኖሩ። 10 ልጆች ወለዱ፤ ገና በልጅነታቸው የሞቱባቸውም ነበሩ።

ሚሲዮናውያኑ ከወንዙ ረጅም ቦይ ቆፍረው ውሃ ወደ አትክልታቸው ሳቡ። ቦዩ ግን በአገሬው ሰዎች እርሻ መካከል ያልፍ ነበር። የአገሬው ሴቶችም የእኛስ ማሳ ለምን ይድረቅ ብለው ቦዩን እየሰበሩ ውሃውን ወደ ራሳቸው መለሱት። በዚህ የተነሣ ሞፋትና ጓደኛው ውሃ ለመመለስ ይወጡ ነበር። በኋላ ጠቡ ከርሮ ሴቶቹ ግድቡን አፈረሱት፤ ውሃውም ወደ ጥንቱ መንገዱ ተመለሰና ለእነርሱም አነሰባቸው። እንግዲህ ሁሉ ያልመከረበት ውሃ ለማንም አይበጅም።

ሜሪ ወለሉን በእበት መለቅለቅን መጀመሪያ ተጸየፈችው። በኋላ ግን አቧራውን እንደሚያበርድ፣ ቁንጫውንም እንደሚያጠፋ አይታ ለመደችው። ይህን እናንተም ታውቁታላችሁ። ነገር ግን የለቀለቀ እጅ በሳሙና ወይም በአመድ ሳይታጠብ እንስራ አይንካ። እበት ለወለል እንጂ ለእትብት አይሆንም፤ በአራስ ልጅ እትብት ላይ ቢደረግ መንጋጋ ቆልፍ ያመጣል።

«አባቶቻችን ይህንኑ ውሃ ጠጥተው ኖረው የለም ወይ?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ የኖሩት ኖረዋል። በተቅማጥ የተቀበሩትን ሕፃናት ግን ማን ቆጠራቸው? በዓይን የጠራ ውሃ ሁሉ ንጹሕ አይደለም። ከሰውና ከከብት ዓይነ ምድር የሚመጣው የበሽታ ተሕዋስ እጅግ ረቂቅ ስለ ሆነ አይታይም። ስለዚህ የሚከተለውን አድርጉ።

1. ምንጩን ከጎረቤት ጋር ተመካክራችሁ እጠሩት። ከበላዩ የጎርፍ መመለሻ ቦይ ቆፍሩ። ከብት የሚጠጣበትና ልብስ የሚታጠብበት ቦታ ከበታች ይሁን። መጸዳጃ ጉድጓድ ከምንጩ በታችና ቢያንስ 30 ሜትር ርቆ ይቆፈር።

2. እንስራውን ወይም ጀሪካኑን ሳትቀዱ በፊት እጠቡት፤ ከቀዳችሁም በኋላ ክደኑት። ውሃውን አዘንብላችሁ ቅዱ እንጂ ጣሳ ወይም እጅ አታግቡበት። ከምንጩ ንጹሕ የመጣ ውሃ በቤት ውስጥ ሊበከል ይችላልና።

3. የሚጠጣውን ውሃ አፍሉት። ከተንተከተከ በኋላ በቆላ 1 ደቂቃ፣ በደጋ 3 ደቂቃ ይቆይ። በዚያው ዕቃ እንደ ተከደነ ይቀዝቅዝ።

4. ከመጸዳጃ ስትመለሱ፣ ሕፃኑን ካጸዳችሁ በኋላ፣ ምግብ ከመሥራታችሁና ልጅ ከማብላታችሁ በፊት እጃችሁን ታጠቡ።

ልጁ ቢያስቀምጠውስ? ውሃ አትከልክሉት፤ ጡትም አታስጥሉት። ልጁን የሚገድለው ብዙውን ጊዜ ከሰውነቱ ያለቀው ውሃና ጨው ነው። ከጤና ኬላ የሚሰጠውን ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በጥብጣችሁ ቶሎ ቶሎ በጥቂት በጥቂቱ አጠጡት። እስክታገኙ ድረስ ፈልቶ በቀዘቀዘ 1 ሊትር ውሃ ውስጥ 6 የሻይ ማንኪያ ልሙጥ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ልሙጥ ጨው በጥብጡ። ጨው ከዚህ አይብዛ፤ ይጎዳል። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ከደከመ፣ መጠጣት ካቃተው ወይም ደም ካስቀመጠው ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

በቤታችሁ ተጠያየቁ፦ የምንጠጣው ውሃ ከየት መጣ? ከበላዩ ምን አለ? እንስራችን አሁን ተከድኗል ወይ?