የብረት ማሽን ኦፕሬተር ምን ይሠራል?

አዘጋጅ፦ ከ7ኛ «ለ» ክፍል

በዚህ እትም ስለ አንድ ሙያ አቀርብላችኋለሁ። «ስታድጉ ምን መሆን ትፈልጋላችሁ?» ስንባል ሐኪም፣ ፓይለት፣ ኢንጂነር እንላለን። «የብረት ማሽን ኦፕሬተር» ያለ ተማሪ ግን በክፍላችን ሰምቼ አላውቅም። የዴስካችን እግር፣ የክፍላችን በር፣ የቤተ መጻሕፍቱ የብረት መደርደሪያ ግን የዚህ ሙያ ውጤቶች ናቸው። አባቴ አቃቂ ቃሊቲ ባለ አንድ ፋብሪካ ይህን ሥራ ስለሚሠራ፣ እሱን እየጠየቅሁ የተማርኩትን እነሆ።

ሁለቱ ዋና ማሽኖች

1ኛ. መቁረጫ ማሽን፦ ትልቅ መቀስ በሉት። ላሜራው ይገባል፣ ማሽኑ አጥብቆ ይይዘዋል፣ ከዚያ ቢላዋው ይወርዳል። የላይኛው ቢላዋ ትንሽ ዘንበል ብሎ ነው የተገጠመው። ለምን መሰላችሁ? ላሜራውን ሙሉውን በአንዴ ሳይሆን ከአንድ ጫፍ ጀምሮ ስለሚቆርጠው የሚያስፈልገው ኃይል ይቀንሳል። ወረቀት በመቀስ ስንቆርጥም እንዲሁ ነው።

2ኛ. ማጠፊያ ማሽን፦ ላሜራው ከታች በተቦረቦረ ብረት ላይ ይቀመጣል። ከላይ ጠርዙ ቀጭን የሆነ ብረት ወርዶ ይጫነውና ያጥፈዋል። ብረት ግን ሲለቁት ትንሽ ወደ ኋላ ይመለሳል። ስለዚህ 90 ዲግሪ የሚፈልግ ኦፕሬተር ከ90 ትንሽ አሳልፎ ያጥፋል። ምን ያህል እንደሚያሳልፍ የሚወሰነው በብረቱ ዓይነትና ውፍረት ነው። አባቴ መጀመሪያ በቁራጭ ላሜራ ይሞክራል፣ ይለካል፣ ከዚያ ነው ዋናውን የሚያስገባው።

ሂሳብ የት ይገባል?

ርዝመቱ 2 ሜትር፣ ወርዱ 1 ሜትር፣ ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር የሆነ ላሜራ ስንት ኪሎ ይመዝናል? ሁሉንም ወደ ሴንቲ ሜትር እንለውጥ፦ 200 × 100 × 0.2 = 4,000 ሴንቲ ሜትር ኩብ። የዚህ ብረት አንድ ሴንቲ ሜትር ኩብ 7.85 ግራም ገደማ ስለሚመዝን፣ 4,000 × 7.85 = 31,400 ግራም፣ ማለትም 31.4 ኪሎ ግራም ይሆናል። ስስ ነው ብሎ ብቻውን የሚያነሳ ሰው ወገቡን ይጎዳል። ጠርዙም እንደ ምላጭ ስለሆነ በወፍራም ጓንት ነው የሚያዘው። የሚገርመው፣ በሚሽከረከር መሰርሰሪያ ላይ ሲሠራ ደግሞ ጓንት አይደረግም። ማሽኑ ጓንቱን ይዞ እጅን ይስባላ!

ሁለት ቁልፍ ለምን አስፈለገ?

አባቴ የሚሠራበት ማጠፊያ ማሽን የሚነሳው ሁለት ቁልፎች እኩል ሲጫኑ ነው። ቁልፎቹ ተራርቀው ስለተተከሉ በአንድ እጅ አይደረስባቸውም። ሁለቱም እጆች ቁልፍ ላይ ከሆኑ ማሽኑ ውስጥ ሊገቡ አይችሉም። በቃ፣ ምስጢሩ ይኼ ነው።

አባቴ በፊት ይሠራበት በነበረ ሌላ ፋብሪካ ግን ትእዛዝ ሲበዛ አንዱን ቁልፍ በፕላስተር አስረው ይሠሩ ነበር። ኦፕሬተሩ በአንድ እጁ ላሜራ እየያዘ በሌላው ቁልፍ ሲጫን ሥራው ይፈጥናል። አንድ ቀን የአባቴ ባልደረባ በዚህ መንገድ ሲሠራ ሁለት ጣቶቹን አጣ። ሰውየው የሦስት ልጆች አባት ነው። በሳምንቱ አለቃው አባቴን «አንተ ተረከበውና ቀጥል» አለው፤ ፕላስተሩ ገና አልተነሳም ነበር። አባቴ «ካልተፈታ አልነካውም» አለ። አለቃው ተቆጣ፣ የዚያን ቀን ሥራም አላለቀም። በማግስቱ ፕላስተሩ ተፈታ። እኔ ይህን ስሰማ «ባይፈቱትና ቢያባርሩህስ?» ብዬ ጠየቅሁት። «ሥራ ይገኛል፣ ጣት አይበቅልም» አለኝ።

ሌላው ጉዳት ቀስ ብሎ የሚመጣ ነው። ከ85 ደሲቤል በላይ የሆነ ጩኸት በቀን 8 ሰዓት ለዓመታት መስማት ጆሮን ይጎዳል። አባቴ አሁን የጆሮ መከላከያ ያደርጋል፤ ያኔ ግን አልነበራቸውም። ለዚህ ነው ቤታችን ቴሌቪዥኑ የሚጮኸው፣ እኛም ስናወራው ድምፃችንን የምንጨምረው።

ሕጉ ምን ይላል?

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪ ለሠራተኛው የአደጋ መከላከያ መሣሪያ ማቅረብና አጠቃቀሙን ማስረዳት ግዴታው ነው። ሠራተኛውም በአግባቡ መጠቀም አለበት። ዕድሜው 15 ዓመት ያልሞላ ልጅ መቅጠር ክልክል ነው። ስለዚህ እኛ አሁን የሚጠበቅብን መማር ነው። ሙያውን የሚፈልግ ሰው ወደፊት በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ሠልጥኖ፣ የብቃት ምዘና ወስዶ ሊገባበት ይችላል።

የመልመጃ ጥያቄዎች

ሀ. የማጠፊያ ማሽን ሁለቱ ቁልፎች ለምን ተራርቀው ይተከላሉ?

ለ. ከ200 ሴንቲ ሜትር በ100 ሴንቲ ሜትር ላሜራ 40 በ30 የሆኑ ቁራጮች ይውጡ። ሁሉንም በአንድ አቅጣጫ ከደረደርን 15 ይወጣል፣ 10 በመቶው ይባክናል። አዙረን ከደረደርን 12 ብቻ ይወጣል፣ 28 በመቶው ይባክናል። አባቴ ግን ከዚሁ ላሜራ 16 አወጣ፤ የባከነው 4 በመቶ ብቻ ነው። እንዴት? ፍንጭ፦ 40 + 30 + 30 = 100።

ሥዕሉን ሠርታችሁ ለሚኒ ሚዲያ ክበብ ስጡ። መልሱን በሚቀጥለው እትም እናወጣለን። መልካም ጥናት!