ችካሉ ሳይተከል ድረሺ

ልጄ፣ ሥራ መጀመርሽንና የመጀመሪያው የግምገማ ሰነድ ጠረጴዛሽ ላይ መቀመጡን ነግረሽኛል። በግንብ በተከበበው የሐረር አሮጌ ከተማ በጀጎል ውስጥም ሆነ አጠገቡ አንድ ነገር ይሠራ ሲባል ምን እንደሚያበላሽ፣ ማንን እንደሚጎዳ አስቀድመሽ የምትናገሪው አንቺ ነሽ። በዚህ ነገር የማውቀውን ልጻፍልሽ።

1. መጀመሪያ ቀኑን እዪ። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299፣ ግምገማ የሚያስፈልገው ሥራ ሳይፈቀድለት እንዳይጀመር ይከለክላል። ቁፋሮው ከተጀመረ በኋላ የተጻፈ ጥናት የሚጠቅመው ላስቆፈረው ሰው ብቻ ነው። «ገንዘብ ወጥቶበታል» ሲሉሽ አትለሳለሺ። ሌላ ቦታ ቢሠራስ፣ ቢያንስስ፣ ጭራሽ ባይሠራስ ብሎ ያልጠየቀ ሰነድም ወደ አቅራቢው ይመለስ።

2. ውሃውን ተከተይ። ጀጎል ያለው ተዳፋት ላይ ነው። ክረምት ሲገባ ዝናቡ በጠባቦቹ መተላለፊያዎች ቁልቁል ይወርድና በግንቡ ሥር ባሉት ቀዳዳዎች ይወጣል። ሌሊት ደግሞ ጅብ በቀዳዳ ገብቶ ከተማው የጣለውን አጥንትና ትራፊ ሲለቅም ያድራል፤ ቀዳዳዎቹን ሐረሪዎች ወራባ ኑዱል ይሏቸዋል። አንድ መሐንዲስ ንጣፉን ከፍ አድርጎ ቀዳዳውን ቢደፍነው ፕላኑ ላይ የሚታየው ያማረ መንገድ ነው። ውሃው ግን መሄጃ ሲያጣ ከድንጋይና ከጭቃ በተሠራው ግድግዳ ሥር ይተኛል፤ ቤቱ ከሥሩ ይርሳል። ስለዚህ አዲሱ ንጣፍ ከቤቶቹ ደጃፍ በስንት ሴንቲሜትር እንደሚበልጥ ራስሽ ለኪ። በበጋ ብቻ የተጠና ጥናት ካመጡልሽ ክረምቱን ይዩት በያቸው።

3. ድምሩን ጠይቂ። ከሐሮማያ ሐይቅ የበለጠ አስተማሪ የለንም። ሐረር ለብዙ ዓመታት ከዚያ ሐይቅ ጠጥታለች። በዙሪያው ያለው ገበሬም ለጫቱና ለአትክልቱ በየሞተሩ ይስብ ነበር፤ ከተራቆተው ኮረብታ የሚታጠበው አፈርም በየዓመቱ ይገባበት ነበር። እያንዳንዱን ለብቻው ብትገመግሚው ትንሽ ነው፤ ያልፋል። ሐይቁ ግን በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ደረቀ፤ ሐረርም ከድሬዳዋ አቅራቢያ ከተቆፈሩ ጉድጓዶች ሽቅብ በሚገፋ ውሃ መኖር ያዘች። በቅርብ ዓመታት ውሃው ተመልሶ ማየታችን ደስ ይለኛል። በመካከሉ ጀሪካን ይዘው የተሰለፉትን እናቶች ድካም ግን የሚመልስ የለም። እንግዲህ ባለሆቴሉም ባለፋብሪካውም «የእኔ ድርሻ ጥቂት ነው» ሲልሽ፣ ከእሱ በፊት የተፈቀደላቸውን ሁሉ ደምረሽ አስቢ።

4. ከዝርዝር የቀረውን ሰው ፈልጊ። እዚህ ላይ አደራ እላለሁ። መንገድ ሲሰፋ፣ ኮሪደር ሲሠራ ካሳ የሚጻፍለት ካርታና ንግድ ፈቃድ ያለው ነው። ሸዋ በርና ኤረር በር ላይ መሬት ላይ አንጥፋ ጎመንና ጫት የምትሸጠው፣ ከገጠር በእግሯ የመጣች የኦሮሞ እናት ግን የከተማው ቀበሌ መዝገብ ላይ ስሟ የለም። ገበያው ከበሩ ቢነሳ ጉዳቱ በመጀመሪያ የሚያርፈው እሷ ላይ ነው። ተከራዩም፣ ደጅ ላይ ልብስ የሚሰፋውም እንዲሁ ነው።

ስብሰባ ተጠርቶ ፊርማ ተሰበሰበ ማለት ሕዝብ ተጠየቀ ማለት እንዳይመስልሽ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 92 ሕዝቡ በሚነካው ፕሮጀክት ላይ ሐሳቡን የመስጠት መብት አለው ይላል። ሐሳብ ለመስጠት ደግሞ መጀመሪያ መስማት ያስፈልጋል፤ በሐረሪ፣ በኦሮምኛና በአማርኛ ይነገረው። የሐረሪዎች መረዳጃ ማኅበራት ወደሆኑት አፎቻዎች ሂጂ፤ የወንዶቹና የሴቶቹ የተለያየ ነውና የሴቶቹን ለብቻ አነጋግሪ። አዳራሽ ውስጥ ዝም ያለች ሴት እዚያ ትናገራለች። «አልፈልግም» ያለ ሰው ካለ ቃለ ጉባኤው ላይ በራሱ ቃል ይስፈር።

5. ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ የሰፈረው በግንቡ ብቻ አይደለም። 82 መስጊዶችና 102 የአውሊያ ቦታዎች፣ የቤቶቹ አሠራር፣ አብሮ የመኖሩ ወግ አንድ ላይ ተቆጥረው ነው። መዝገብ የገባም ይሰረዛል፤ የጀርመኗ ድሬስደን በኤልባ ወንዝ ላይ ባለአራት መስመር ድልድይ በመሥራቷ እ.ኤ.አ. በ2009 ከመዝገቡ ተሰርዛለች። ስለዚህ ከግንቡ ውጭ የሚቆም ረጅም ሕንፃም ይመለከትሻል፤ ከሩቅ ሲታይ ምን እንደሚጋርድ ቆመሽ እዪ።

6. ፈቃድ ከተሰጠ በኋላም ፋይሉን አትዝጊ። አቅራቢው «እተክላለሁ፣ እጠርጋለሁ፣ እከፍላለሁ» ያለውን በአንድ ገጽ ለይተሽ ጻፊ። የመጀመሪያው ክረምት እንዳለፈ ቦታው ላይ ተገኝተሽ አንድ በአንድ አመሳክሪ፤ ያልተፈጸመውን በዚያው ሳምንት በደብዳቤ አሳውቂ፣ ቅጂውንም አንቺ ዘንድ አስቀሪ።