ሁለት ቀን ለሀዋሳ

«ትንሽ ባርፍ ጥሩ ነበር» የማይል ሠራተኛ በአዲስ አበባ አይገኝም። ቀን ቆርጦ የሚያርፈው ግን ጥቂት ነው። ሌላው «ሲመቸኝ»፣ «ይቺ ሥራ ካለቀች በኋላ»፣ «ልጆቹ ፈተና ሲጨርሱ» እያለ ዕረፍቱን ከወር ወር ያሸጋግረዋል። ሥራ ደግሞ አልቆ አያውቅም፤ አንዱን ስንጨርስ ሌላው በር ላይ ቆሞ ይጠብቀናል። ስለዚህ ዛሬ የምላችሁ አንድ ነገር ነው፦ ዕረፍታችሁን እንደ ሠርግ ቀን ቁረጡለት። ገንዘብ ይመደብለት፣ ለቤተሰብ ይነገር፣ ቀኑ ሲደርስ ማንም አያንቀሳቅሰው። ቦታውም ሩቅ መሆን የለበትም። ባሕር ባይኖረንም ፀሐይ፣ ውኃና ዳርቻ አላጣንም። ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ስትወርዱ ሀዋሳ ትቀበላችኋለች።

እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ አንድ የሆላንድ ጥናት ስለ ዕረፍት የነበረኝን አስተሳሰብ ቀይሮታል። ተመራማሪዎቹ ከ1,500 በላይ ጎልማሶችን ጠይቀው ለዕረፍት የተጓዙትን ካልተጓዙት ጋር አነጻጸሩ። ተጓዦቹ ገና ሳይነሱ፣ ቤታቸው ሆነው ጉዞውን በሚጠብቁበት ጊዜ፣ ከሌሎቹ የበለጠ ደስተኞች ነበሩ። ከተመለሱ በኋላ ግን የአብዛኞቹ ደስታ ቤቱ ከከረመው ሰው አልተለየም። ደስታው ከጉዞው በኋላም አብሯቸው የቆየው «በጣም ዘና ያለ ጊዜ ነበረን» ያሉት ብቻ ናቸው። ከዚህ ሁለት ነገር ተማርኩ። አንደኛ፣ ዕቅዱ ቀደም ብሎ ይያዝ፤ መጠበቁ ራሱ ደስታ ነውና ወር ሙሉ ታጣጥሙታላችሁ። ሁለተኛ፣ ጉዞው ይቅለል። በሩጫ ካለፈ ሽርሽር ለሰኞ ጠዋት የሚተርፍ ነገር የለም።

የእኛ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። መኪና ከተገኘ ዘመድ አዝማድ ይጫናል፤ «እግረ መንገዳችንን» እየተባለ አቢጃታም ሻላም ወንዶ ገነትም በሁለት ቀን ካልታዩ ይባላል። ማታ ሙዚቃ ቤት፣ ጠዋት የፎቶ ፉክክር፣ እሑድ ማታ በጨለማ መልስ። አገር ማየት ትልቅ ነገር ነው፣ ራሱን የቻለ ጉዞም ይገባዋል። የደከመ ሰው ግን የሚያስፈልገው አንድ ሐይቅ፣ አንድ አልጋ፣ በቀን አንድ ቀጠሮ ብቻ ነው። የቀረው ሰዓት ባዶ ይሁን። ባዶ ሰዓት የባከነ እንዳይመስላችሁ፤ የመጣችሁት ለእሱ ነው።

ማረፍ እንደ ስንፍና ሆኖ የሚሰማቸው ሰዎች አሉ፤ በተለይ እናቶች። ለእነሱ አባቶቻችን ስለ ዕረፍት ምን ያህል እንደተከራከሩ ላስታውሳቸው እወዳለሁ። የአባ ኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርት ቅዳሜም እንደ እሑድ ይከበር በማለታቸው ለብዙ ዘመን ተሰደዋል፤ ተወግዘዋልም። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ1450 ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በደብረ ምጥማቅ በሰበሰቡት ጉባኤ ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ ተወሰነ። ቤተ ክርስቲያናችን እስከ ዛሬ ሁለቱንም ታከብራለች። በሳምንት ሁለት ቀን ከሥራ እጅን ማንሳት ከውጭ የመጣ ፋሽን አይደለም፤ ዋጋ የተከፈለበት የአገር ቤት ሥርዓት ነው። ያለ ጸጸት ዕረፉ።

«ላንጋኖስ?» የሚለኝ አይጠፋም። ላንጋኖ ከሀዋሳ ይልቅ ለአዲስ አበባ ይቀርባል፤ አሸዋ አለው፤ ዋና ለሚወድ ደግሞ ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን የሚመረጠው እሱ ነው። ውኃው ቡናማ መሆኑ አያስደንግጣችሁ፤ ቀለሙ ከደለሉ ነው፤ ከቢልሃርዚያ ነጻ በመባልም ይታወቃል። ልጆች ይዛችሁ ውኃ ውስጥ መዋል ከፈለጋችሁ ወደዚያው ሂዱ። ነገር ግን ላንጋኖ ከተማ የለውም፤ ሎጅ ውስጥ ገብታችሁ እዚያው ትበላላችሁ፣ እዚያው ታድራላችሁ፣ ዋጋውም በዚያው ልክ ነው። ሀዋሳ ላይ ሐይቁ ጉማሬ ስላለበት ለዋና አልመክረውም፤ የምታገኙት ግን ሐይቅ ያላት ከተማ ነው። በእግር ትሄዳላችሁ፣ ሲደክማችሁ ባጃጅ ትይዛላችሁ፣ ምሳችሁን ከፈለጋችሁበት ትበላላችሁ። መኪና ለሌለውና በጀቱ ለጠበበ ሰው ከሀዋሳ የሚሻል አላውቅም።

ስለ ገንዘቡ እንነጋገር፤ ብዙው ዕቅድ የሚሞተው እዚያ ነውና። ለዕቃ፣ ለቤት ኪራይ፣ ለልጅ ትምህርት ዕቁብ የምንገባ ሰዎች ለዕረፍት ዕቁብ መግባት የማንችልበት ምክንያት አይታየኝም። አራት አምስት ጓደኛሞች ሁኑ፤ በየወሩ አቅማችሁ የሚፈቅደውን አዋጡ፤ ዕጣ አይጣል፤ ገንዘቡ ሞልቶ ቀኑ ሲደርስ አብራችሁ ውጡ። ብቻውን የቆጠበ ሰው በሁለተኛው ወር ገንዘቡን ለሌላ ጉዳይ ያውለዋል፤ ከጓደኞቹ ጋር የቆጠበ ግን ያፍራል። ከቃሊቲ መናኸሪያ በአውቶቡስ መሄድ ይቻላል። መኝታም ከሐይቁ ዳር ትንሽ ገባ ካላችሁ ንጹሕ ፔንሲዮን በረከሰ ዋጋ አይጠፋም። ከሁሉ የተሻለው ትዕይንት፣ ሐይቁ ላይ የምትጠልቀው ፀሐይ፣ ለሀብታሙም ለሌላውም እኩል ናት።

ወሩን በምትመርጡበት ጊዜ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለውን አስቀድሙ፤ ዝናቡ አብቅቶ ሰማዩ የጠራ፣ ማታው የቀዘቀዘ ነው። የበዓል ሰሞን ግን ሆቴሉ ይሞላል፣ ዋጋውም ይወጣል። የሲዳማን ዘመን መለወጫ ፍቼ ጫምባላላን ማየት የሚፈልግ ሰው ለብቻው ያቅድለት፤ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የተመዘገበ ታላቅ በዓል ነው፤ ቀኑንም አያንቶ የሚባሉት አዋቂዎች የከዋክብትን አካሄድ አይተው ስለሚወስኑት በየዓመቱ ይለያያል። ፀጥታ ፈልጋችሁ ከሆነ የምትሄዱት የዚያን ሰሞን ዝለሉት።

ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ተነሡ። ዓርብ ማታ ከሥራ ወጥቶ በጨለማ መንዳትን አጥብቄ እቃወማለሁ፤ ከብቱ፣ አህያው፣ ጋሪው ያለ መብራት መንገድ ላይ ነው፤ የደከመ ሾፌር ደግሞ አይቶም አያይም። ከመነሣታችሁ በፊት የመንገዱን ሰላም ጠይቁ። በአዳማው የፍጥነት መንገድ ሞጆ ድረስ፣ ከዚያ ወደ ደቡብ በሚታጠፈው አዲሱ መንገድ ባቱ ትደርሳላችሁ። ባቱ ላይ ውረዱ፤ ቁርስ ብሉ፣ ቡና ጠጡ፣ እግራችሁን አፍታቱ። ቡልቡላን፣ አርሲ ነገሌንና ሻሸመኔን አልፋችሁ ምሳ ሰዓት ገደማ ትገባላችሁ።

ገብታችሁ ምሳ ስትጨርሱ ተኙ። «ለመተኛት ነው እንዴ የመጣነው?» የሚል ሰው ቢኖር እሱም ይተኛ። ፀሐይዋ ጠንካራ ናት፤ ሀዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ነፋሱ ቀዝቅዞ ያታልላል እንጂ ቆዳ ታቃጥላለች። 10 ሰዓት ላይ ቆብ አድርጋችሁ ፍቅር ሐይቅ ወደሚባለው የሐይቁ ዳርቻ ውጡ። ከተማዋ የተቆረቆረችው በሐይቁ ምሥራቃዊ ዳር ስለሆነ ፀሐይዋ ውኃው ላይ ነው የምትጠልቀው። ተማሪው፣ ፍቅረኛሞቹ፣ ልጆቹን ያስከተለው አባት፣ ሁሉም በዳርቻው ወዲያ ወዲህ ይላል። ስልካችሁን ኪሳችሁ ውስጥ ተዉት። አብሯችሁ ካለው ሰው ጋር ከወራት በኋላ ሳትቸኩሉ የምታወሩት ያን ጊዜ ነው፤ ለእኔ የጉዞው ዋና ጥቅም ይህ ነው። ማታ አጎበር ያለው ክፍል መሆኑን አረጋግጣችሁ ተኙ፤ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ናችሁና ወባ አለ።

እሑድ የቀኑ ቀጠሮ ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ነው። ቅዳሴ የሚያስቀድስ ሰው ገብርኤል መሐል ከተማ ላይ አለለት። ከዚያ ለመግቢያ ጥቂት ብር ከፍላችሁ ወደ ዓሣ ገበያው ዝለቁ። ጀልባዎቹ ተጠግተው መረባቸው እየተራገፈ ነው። ልጆቹ መሬት ላይ ተቀምጠው ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ በአንድ እጅ ጅራቱን ይዘው ቅርፊቱን ይገፋሉ፣ በስለት ከአከርካሪው ላይ ሥጋውን በሁለት ጎን ያነሡታል፤ እጃቸው ሲሠራ ዓይናቸው ሌላ ጋ ነው፤ ከጓደኛቸው ጋር እያወሩ ነው። ከጀርባቸው አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ቆመዋል፤ ረጃጅም ቅልጥም፣ ራሰ በራ፣ ከሕፃን ልጅ የሚበልጥ ቁመት። ጭንቅላትና አንጀት ሲወረወር ምንቃራቸውን ከፍተው በአየር ላይ ይቀልቡታል፤ ደግሞ ዝም ብለው ይቆማሉ። ከዛፉ ላይ ጉሬዛ ነጭ ጅራቱን አንጠልጥሎ ቁልቁል ያያል።

ጠባሾቹ ሙሉውን ዓሣ ጎንና ጎኑን በቢላ ተልትለው ዘይት ውስጥ ይከቱታል። ጠርዙ እስኪንኮሻኮሽ ይጠበሳል፤ ከዳቦና ከዳጣ ጋር ይመጣል። ዳጣውን ቀስ እያላችሁ ጀምሩት። በእጃችሁ ብሉ፣ አጥንቱን ለዩ፣ አትቸኩሉ፤ ዓሣ ራሱ ቸኩሎ የሚበላውን ሰው አይወድም። ከበላችሁ በኋላ ጀልባ መከራየት የሚፈልግ ዋጋውን ከመሳፈሩ በፊት ይነጋገር፤ ጀልባ ቀዛፊው ጉማሬዎቹ የሚውሉበትን ዳር ያውቀዋል፣ በጣም እንዲጠጋ ግን አታስገድዱት።

ከዚያ 6 ሰዓት ላይ ጉዞ ወደ ቤት። ይህን ምክሬን ብዙ ሰው ይቃወመዋል፤ «ገና በጊዜ!» ይላል። እኔ ግን እጸናለሁ። በብርሃን ቤቱ የገባ ሰው ገላውን ታጥቦ፣ የልጆቹን ዩኒፎርም አዘጋጅቶ፣ በጊዜ ይተኛል፤ ሰኞ ቢሮ ሲገባም ፊቱ ላይ ያስታውቅበታል። በመንገድ ላይ መቂ አካባቢ ቲማቲምና ሽንኩርት ገዝታችሁ ብትገቡ ደግሞ የሳምንቱ አስቤዛ በከፊል ተገላገላችሁ።

አሁን የሚቀረው የእናንተ ፋንታ ነው። ዛሬ ማታ፣ ሳታድሩ፣ የቀን መቁጠሪያውን አውርዱና ከፊታችሁ ካሉት ስድስት ሳምንታት ውስጥ አንዱን ቅዳሜና እሑድ አክብቡበት። አብሯችሁ ለሚሄደው ሰው ደውሉና ቀኑን ንገሩት። ነገ ደግሞ ለመኝታው ቀብድ ክፈሉ፤ ቀብድ የተከፈለበት ዕረፍት አይቀርም።